ሳህን የለየንባት ሰዓዳ

ይህ የሆነው የሱዳን መንግሥት በተገለበጠበት ዓመት፣ ካርቱም ውስጥ ነው። ሰው ስለዚያ ጊዜ ሲያወራ ሰልፉንና ተኩሱን ያነሣል። እኔ የማስታውሰው ሰዓዳን ነው።

ከወሎ የሄድን ሦስት ሴቶች ነበርን፤ ሰዓዳ፣ ፎዚያና እኔ። ካላክላ የሚባል ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይተን፣ ዐማራት በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር ሰው ቤት እንሠራ ነበር። ሰዓዳ ከሁላችንም ታንሳለች። ዐረብኛው ቶሎ ስለገባት የመኖሪያ ወረቀት የምታስጨርስልን፣ አሠሪ ሲያስቸግረን ደውላ የምትከራከርልን እሷ ነበረች።

አንድ ጁምዓ ከሰዓት ልብስ እያጣጠፈች ሳለ ወደቀች። ሰውነቷ ይንቀጠቀጣል፣ ከአፏ አረፋ ይወጣል። በእኛ አገር እንዲህ የሚጥለውን ሰው በወደቀበት የነካ በሽታው ይጋባበታል ይባላል። እናቴም ስታሳድገኝ የነገረችኝ ይህንኑ ነው። ፎዚያ ክብሪት ጫረችና በሩቁ ወደ አፍንጫዋ ዘረጋች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ፊቷ ከሲሚንቶው ጋር ሲላተም እያየሁ ትራስ እንኳ አላደረግኩላትም።

ስትነቃ ከንፈሯ ደምቷል። አየችኝና፣ «እዚያ ቆመሽ ምን ታደርጊያለሽ?» አለችኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳህኗንና ብርጭቆዋን ለየን። አፍ አውጥተን አልነገርናትም፤ ዝም ብለን ለብቻዋ እናቀርብላት ነበር። ሦስት ሳምንት ያህል ቻለችው። ከዚያ ልብሷን ሰብስባ ከወንዙ ማዶ ሐጅ ዩሱፍ የሚባል ሰፈር ለብቻዋ ክፍል ተከራየች። ስትወጣ፣ «ወላሂ አልተቀየምኳችሁም። እኔም ብሆን እፈራ ነበር» አለችን።

ከጥቂት ወራት በኋላ ደወለችልኝ። ድምፅዋ ደስ ይል ነበር።

«ሐኪም ቤት ሄጄ መድኃኒት ጀመርኩ። ሐኪሟ በመንካትም አብሮ በመብላትም አይተላለፍም አለችኝ። ነይና ጠይቂኝ፣ አብረን ምሳ እንብላ።»

«ኢንሻላህ» አልኳት። ልቤ ግን አላመነም። የተማረችው ሐኪም ካለችው ይልቅ የእናቴ ቃል በለጠብኝ። ጁምዓ በመጣ ቁጥር ሰበብ እየፈለግኩ ቀረሁ።

አንድ ጠዋት አንዲት የአገራችን ልጅ ደውላ ሰዓዳ መሞቷን ነገረችኝ። ክፍሏ ውስጥ ብቻዋን ሳለች ጥሏት፣ ፍራሹ ላይ በአፍ ጢሟ ተደፍታ ነው የተገኘችው። ወዲያው ወጣሁ። በዚያ ቀን ሰልፍ ስለነበረ ወደ ሐጅ ዩሱፍ የሚያሻግረው ድልድይ ተዘግቷል። ወታደሩን ለመንኩት። «ተመለሺ» ከማለት ሌላ ቃል አልወጣውም። እኔ ድልድዩ አፍ ላይ፣ ፀሐይ ላይ ቁጭ ብዬ ሳለሁ እሷ ተቀበረች።

በሦስተኛው ቀን ደረስኩ። ቤቱን ያከራዩዋት አንዲት አሮጊት ሱዳናዊት ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ ሀጃ ይላቸዋል። በሩ ላይ አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

«ሁለት ጊዜ ፊቴ ወድቃለች» አሉኝ። «በጎኗ አስተኛትና ከላይ የምለብሰውን ቶቤን አጣጥፌ ከራሷ ሥር አደርጋለሁ። እስክትነቃ አጠገቧ እቀመጣለሁ። ሌላ ነገር የለውም። ያን ቀን ግን ለቅሶ ሄጄ ነበር።»

«አልፈሩም ሀጃ?»

«መጀመሪያማ ፈርቼ ነበር። እዚህ አሁን አንቺ የተቀመጥሽበት ተቀምጣ ሐኪሟ ያለቻትን ሁሉ ነገረችኝ። ከዚያ ወዲያ ምን ያስፈራኛል?» ፊቴን አየት አደረጉና፣ «ካላክላ እህት አለችኝ ትል ነበር። አንቺ ነሽ?» አሉኝ።

አዎ ለማለት አፈርኩ። አይደለሁም ማለትም አቃተኝ። እጃቸውን ይዤ አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን እናቴ በስልክ ስናወራ የጎረቤታችንን ምራት ይኸው በሽታ እንደያዛትና ለብቻዋ እንደሚያበሏት ነገረችኝ።

«እማ፣ አይተላለፍም» አልኳት። «ሐኪም ቤት ይውሰዷት። አንቺም ጠርተሽ አብረሻት ብይ።»

«አንቺ ደግሞ መቼ ነው ሐኪም የሆንሽው?»

«ሐኪም አልሆንኩም። ሰው ሞቶብኝ ነው።»

እናቴ ትስማኝ አትስማኝ እስካሁን አላውቅም። እኔን ግን ያ ፍርሃት ለቆኛል። የሚያቃጥለኝ፣ ፍርሃቱን መተው ከባድ አለመሆኑ ነው። ሀጃ ቤት በር ላይ ተቀምጬ ጥቂት ቃል ስሰማ ተወኝ። ያንኑ ቃል ሰዓዳ ራሷ ነግራኝ ነበር፤ ከእሷ ግን አልሰማሁም።