የማንጎዋ ዋስ

አዳማ፣ ከአባታችን በወረስነው ግቢ ውስጥ ማንጎዋ አብባ ሽታዋ ያውዳል። ወንድሜ ግን «ቆርጠን የሚከራይ ክፍል እንሥራበት» ይለኛል።

ልጆች ሳለን ይቺው ማንጎ አበባዋን እያረገፈች አላፈራ ብትል፣ አባታችን መጥረቢያ ይዞ ወጣ። ጎረቤታችን እማማ ዘነቡ ነጠላቸው እየተጎተተ ሮጠው መጡና ግንዷን ተደግፈው ቆሙ።

«ተው ልጄ፣ ለዘንድሮ እንኳን ማራት! እኔ ዋስ እሆናታለሁ።»

«እሺ፣ ለእርስዎ ስል» አለ አባታችን።

ከዚያ ወዲያ እማማ ምስር ያጠቡበትን ውሃ እያመጡ ሥሯ ላይ ያፈሱላት ነበር። «አደራሽን፣ እንዳታሳፍሪኝ» ይሏታል።

ባፈራች ጊዜ እማማ በሕይወት አልነበሩም። አባታችን የመጀመሪያዋን ፍሬ ቀጥፎ ደጃቸው ላይ አስቀመጠላቸው።

ወንድሜ መልሴን እየጠበቀ ነው። እኔ ደግሞ ሳላስበው ግንዷን ተደግፌ ቆሜያለሁ።