ስለቱ ከገባ በኋላ

በ2016 ዓ.ም. መጸው ነበር። እኛ በምንኖርበት በአሜሪካ፣ በቤድፎርድ ከተማ፣ ሙቀቱ ገና አልበረደም። ጥቅምት ላይ ልቤን ተሠራሁ። አብሌሽን ይሉታል። በብሽሽት በኩል ቀጭን ሽቦ መሰል ነገር እስከ ልብ ድረስ አስገብተው፣ ምቱን የሚያዛባውን ቦታ ይተኩሱታል። ይህን ያስረዳችኝ ልጄ ናት። እኔ የማውቀው መተኛቴንና መንቃቴን፣ ከዚያም እግርሽን እንዳታንቀሳቅሺ ተብዬ በጀርባዬ መዋሌን ነው። ሐኪሙ መጥቶ እጄን ያዘኝ። የተናገረው ብዙ ነበር። ልጄ ወደ እኔ ጎንበስ ብላ፣ "ማሚ፣ ሰክሰስፉል ነው አለ። ግን ሂል አድርጎ እስኪድን ሁለት ሦስት ወር ሊረብሽሽ ይችላል" አለችኝ። የፊተኛውን፣ ተሳክቷል ያለችውን፣ ያዝኩ። የኋለኛው በጆሮዬ አለፈ።

ከዚያ በፊት ልቤ ብዙ አስቸግሮኛል። ሥራዬ ኤርፖርት ነው፤ መራመድ የማይችሉ መንገደኞችን በዊልቸር እገፋለሁ። አንድ ቀን አንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ ይዤ ስሄድ ልቤ ተነሣብኝ፤ ያለ ልክ ይሮጥ ጀመር። ዓይኔ ጨለመ፤ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። ሽማግሌው ዞረው አዩኝና፣ "ልጄ፣ ከሁለታችን መገፋት ያለበት ማነው?" አሉኝ። ሊያስቁኝ ነው። እኔ ግን እዚያው ቆሜ ለቅዱስ ሚካኤል ተሳልኩ። ይህን ልብ ከተወልኝ ለኅዳር ሚካኤል ጃንጥላ አስገባለሁ አልኩ።

ከተሠራሁ በኋላ ብሽሽቴ ጠቁሮ ሰነበተ፤ ልቤ ግን ዝም አለ። ደረቴ ውስጥ እንደዚያ ያለ ጸጥታ ከጠፋ ብዙ ጊዜ ሆኖት ነበር። ዝምታውን እያዳመጥኩ አለቀስኩ። ጃንጥላውን አዲስ አበባ አሠርቼ በሰው አስመጣሁ። ቀይ ከፋይ ነው፣ ዘርፉ ወርቃማ። በክብረ በዓሉ ቀን ይዤው ገባሁ። ካህኑ ተቀብለው፣ እኅታችን ከልብ ሕመም ተፈውሳ የተሳለችውን ይዛ መጥታለች ብለው ለሕዝቡ ተናገሩ። ሴቶቹ እልል አሉ። አብራኝ ኤርፖርት የምትሠራው ጓደኛዬ ከሁሉም በላይ እልል አለች። ስንወጣ ደግሞ ላገኘችው ሁሉ፣ "ሞተሯን አሠርታ መጥታለች፤ ከእንግዲህ ማን ይይዛታል?" ትል ነበር።

የልቤ ሕመም የተመለሰብኝ ጾመ ነቢያት እንደገባ ነው። ወጥ ቤት ቆሜ ምስር እለቅም ነበር። መጀመሪያ አንዴ ዘለለ። ከዚያ ቆመ መሰለኝ። ከዚያ ያንን የማውቀውን ሩጫ ጀመረ። ምስሩን አስቀምጬ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ዓይኔ አልጨለመም፤ እንደ ድሮውም አልቆየም። ቢሆንም ራሱ ነበር። ሲተወኝ ተነሥቼ ምስሬን ለቀምኩ። ልጄ ስትመጣ፣ "ዋልሽ ማሚ?" አለችኝ። "እግዚአብሔር ይመስገን" አልኳት።

ከዚያ ወዲያ ይመላለስብኝ ጀመር። ለማንም አልተናገርኩም። ካህኑ በሕዝብ ፊት ተፈውሳለች ብለዋል። ሕዝቡ እልል ብሏል። አልተወኝም ብል መልአኩን የማሳፍረው መሰለኝ። አንዳንዴ ደግሞ ከዚህ የባሰ ይመጣብኝ ነበር። ምናልባት ስለቴን አልተቀበለኝ ይሆን? የበደልኩት ነገር ይኖር ይሆን? እያልኩ ሕይወቴን ስመረምር እውል ነበር። ጸሎት ቆሜ ምስጋናው ከአፌ ይወጣል፤ ልቤ ግን ከሥር ሌላ ይናገራል። ያን ጊዜ ሰማዩም ግራጫ ነበር። ከሥራ ስመለስ መኪናዬን ፓርክ አድርጌ፣ ወደ ቤት ለመግባት አቅም እስካገኝ እቀመጥ ነበር።

በዚህ መሐል የልብ ሐኪሜ ክሊኒክ ደረቴ ላይ የምትለጠፍ፣ ፓች የሚሏት ትንሽ መሣሪያ ሰጠኝ። ቀንና ሌሊት የልብን ምት ትመዘግባለች። መሐሏ ላይ አዝራር አለ። ልብሽ ሲመታብሽ ተጫኚው ተባልኩ። ልጄ ስታየኝ፣ "ሶ ማሚ፣ በተኑን እንዳትረሺ" ትለኛለች። አልረሳሁም። ልቤ ሲነሣ እጄ ወደ ደረቴ ይሄዳል። ግን መጫኑ በገዛ ስለቴ ላይ ቆሞ መመስከር ሆነብኝ። ጣቴን ከደረቴ አንሥቼ አማትባለሁ። ጊዜዋ ሲያበቃ አንዴም ሳልጫናት ነቅዬ በፖስታ ላክኋት።

በዚያው ሰሞን አንዲት ወጣት ደወለችልኝ። እዚሁ አቅራቢያችን ኧርቪንግ የምትኖር፣ ሆቴል የምትሠራ የሁለት ልጆች እናት ናት። ቁጥሬን የሰጠቻት ያች ጓደኛዬ ናት። እሷም እንደ እኔ ልቧን ልትሠራ ቀን ተቆርጦላታል።

"እትዬ፣ ይቅርታ ካስቸገርኩዎት" አለች። "ወዲያው ነው የተወዎት?"

"አዎ" አልኩ። "ትቶኛል። እግዚአብሔር ይመስገን።"

"እርስዎማ እምነት አለዎት። እኔ ተሠርቼም ቢመታብኝ ምን ይሉኛል እያልኩ እፈራለሁ። ቀኑን ሳላስተላልፈው አልቀርም።"

"አይዞሽ፣ ጸልዪ" ብዬ ዘጋሁ።

ከክሊኒኩ የተደወለው አርብ ከሰዓት ነው። ልጄ ቤት ሆና ምግብ ትሠራ ስለነበር ስልኩን ስፒከር ላይ አደረገችው። ነርሷ ታወራለች፣ ልጄ ትተረጉማለች።

"ማሚ፣ ልብሽ ብዙ ጊዜ ተረብሿል ትላለች። ሌሊት ብቻ አይደለም፣ ቀንም። ግን በተኑን አንዴም አልነካሽውም። አልተሰማሽም ወይ?"

ጠረጴዛው ላይ ያለውን ፍርፋሪ በእጄ ጠረግሁ።

"የማይሰማሽ ከሆነ ፕላኑ ሌላ ነው ትላለች። ዶክተሩ ማወቅ አለበት። የስ ኦር ኖ በይ።"

"ተሰምቶኛል በያት።"

ልጄ አየችኝ። ለነርሷ ነገረቻት። ነርሷ አልተቆጣችም። ልብሽ ገና እየዳነ ስለሆነ ይህ ያጋጥማል አለች። ሊተውሽ ይችላል፤ ላይተውሽም ይችላል፤ ሁለተኛ የሚሠሩም አሉ። መድኃኒቱን አታቋርጪ፤ ሲመታብሽ ንገሪን። ይህ ነበር ቃሏ። ስልኩ ሲዘጋ ልጄ ምድጃውን አጥፍታ ፊት ለፊቴ ቆመች።

"ለምን?"

"ስለቴን አስገብቻለሁ።"

"ሶ?"

"ተፈወሰች ተብሎ በሕዝብ ፊት ተነግሯል።"

"የተናገሩት አባ ናቸው እንጂ ሚካኤል አይደለም" አለች። "ሚካኤልማ ፓች ሳይለጥፍ ያያል።"

ሳቄ መጣ፤ ዋጥኩት። እሷ ግን አልሳቀችም። ዓይኗ እንባ ሞላ። "እኔ ጠዋት ክላስ ስሄድ እኮ ማሚ ደኅና ናት ብዬ ነው የምሄደው" አለችና ወደ ክፍሏ ገባች።

ልከተላት አሰብኩና ተውኩት። የቅዱስ ሚካኤል ሥዕል ፊት ቆሜ ጸሎቴን ጀመርኩ። ወትሮ ስለ ፈወስከኝ ነበር የምለው። ያን ዕለት ቃሉ አልወጣ አለኝ። ስለ ተደረገልኝ አመሰገንኩ፤ ዓይኔ እንደ ድሮው ስላልጨለመ፣ ቆሜ ስለምውል፣ ልጄ ስለ ተቆጣችኝ። ስላልተደረገልኝ ምን እንደምል ግን አላወቅሁም። አማትቤ ተቀመጥኩ። ያች ወጣት ትዝ አለችኝ። እኔ በተናገርኩት ቃል የሁለት ልጆች እናት ቀኗን ልታስተላልፍ ነው። ሕመሙ እንደ እኔ ሥራ ላይ ቢጥላት፣ ወይም ልጆቿን ይዛ መኪና ስትነዳ ቢነሣባት፣ ጥፋቱ በማን ነው?

በማግስቱ ጠዋት ወደ ሥራዋ ሳትወጣ ደወልኩላት። ከኋላዋ ልጅ ያለቅሳል።

"እትዬ፣ በጠዋቱ ምን ሆኑ?"

"ትቶኛል ያልኩሽ እውነት አይደለም" አልኳት። "አሁንም ይመታብኛል። በዚህ ሳምንትም መትቶብኛል።"

ልጁን እሹሩሩ ስትል ሰማኋት። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ታዲያ ስለቱስ?" አለችኝ።

"ስለቱ ገብቷል። አልጸጸትበትም።"

"ተሽሎዎታል ግን?"

"ተሽሎኛል። አልተወኝም፤ ግን ተሽሎኛል።"

"እኔ እኮ ቀኑን አስተላልፌዋለሁ።"

"መልሰሽ ደውዪላቸው። ከተሠራሽ በኋላ ቢመታብሽ ደግሞ ለእነሱም ለእኔም ንገሪ። ማንም ምንም አይልሽም። ቢልሽም በእኔ ይበል።"

"እሺ እትዬ" አለች። እሺታዋ የእውነት ይሁን የአክብሮት አላወቅሁም። ሥራ እንዳይረፍድባት ተሰናበትኳት።

ልጄ ተኝታ ነበር። መድኃኒቴን ዋጥኩ፤ የሥራ ልብሴን ለበስኩ። ደረጃውን ወርጄ መኪናዬ ውስጥ እንደገባሁ ልቤ ተነሣ። ሞተሩን አላስነሣሁም። ስልኬን አውጥቼ ለልጄ፣ "አሁን እየመታብኝ ነው፤ መኪና ውስጥ ተቀምጫለሁ፤ ሲተወኝ እሄዳለሁ" ብዬ ጻፍኩላት። ከዚያ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ እስኪያልፍ ጠበቅሁ።