መዝገቤን በቃላቸው የያዙት ሽማግሌ

ሲይዙኝ የፍርድ ቤት እግድ በኪሴ ነበር። ይኼን ስናገር ሰው ይስቃል፤ ዛሬ ዛሬ እኔም እስቃለሁ። ያኔ ወልቂጤ ውስጥ የመድኃኒት መጋዘን ሠራተኛ ነበርኩ። ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ላይ አዲስ ቀን እየተለጠፈ ወደ ገጠር ሲጫን አየሁ። ግምገማ ላይ ተነስቼ ተናገርኩ፤ ሰሚ ሲጠፋ በጽሑፍ ጠቆምኩ። አለቆቼ ሊያባርሩኝ ሲነሱ ደግሞ ከሰስኳቸው፤ ፍርድ ቤቱም ክርክሩ እስኪያልቅ ከሥራዬ እንዳይነኩኝ አገደልኝ። ወረቀቱን ለያዘኝ የፖሊስ መኮንን ዘርግቼ አሳየሁት።

«ይኼ መሥሪያ ቤትህን ነው የሚያግደው፤ እኔን ምን አገባኝ?» አለና አጥፎ ኪሱ ከተተው።

የታሰርኩበት ክፍል ጣሪያ ቆርቆሮ በምስማር የተበሳሳ ነበር። በየቀዳዳው ቀጭን ብርሃን ይወርድና በተኙት ሰዎች ላይ ቀስ እያለ ይሄዳል። ሙቀቱ ያፈዛል። ከመናኸሪያው የረዳቶች ድምፅ «አዲሳባ! አዲሳባ!» እያለ ይመጣል፤ እንቅልፍና ንቃት ተቀላቅሎብኝ አንዳንዴ ተሳፍሬ የሄድኩ ይመስለኝ ነበር። ጠያቂ ተከልክያለሁ፤ የት እንዳለሁ ባለቤቴ እንኳ አታውቅም። ቀኑም ጠፋብኝ።

አንድ ቀን ከሰዓት፣ ከጎኔ የሚተኙት ሽማግሌ «ነገ ፍርድ ቤት ያቀርቡኛል» ሲሉ ባነንኩ። ከአረቅጥ ወዲያ የመጡ ገበሬ ናቸው። ቀኑ ስንት እንደሆነ ጠየቅኳቸው፤ ነገሩኝ። ወይ ጉዴ! የእኔም ቀጠሮ በማግስቱ፣ እዚያችው ዳኛ ፊት ነው። ለካ አለቆቼ ያሳሰሩኝ ለዚህ ነው። ከሳሽ ካልቀረበ መዝገቡ ይዘጋል፤ መዝገቡ ከተዘጋ እግዱም ይነሳል፤ ያኔ እኔ ከሥራ፣ መድኃኒቱም ከልካይ አጥቶ ወደ ገጠር።

«አባባ፣ ለዳኛዋ መታሰሬን ይነግሩልኛል?»

«ምን ገዶኝ።»

ሲወጡ ስለሚፈተሹ ወረቀት መያዝ አይቻልም፤ ማንበብም አያውቁም። የመዝገብ ቁጥሬን በቃል ነገርኳቸው፤ ሰባት፣ ሁለት፣ አራት፣ አንድ። ሦስቴ ተሳሳቱ። እኔ ደግሞ ትዕግሥት የሚባል አልፈጠረብኝም፤ «በቃ ይተዉት!» ብዬ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ።

«ቆይ እንጂ ልጄ፣ ምን አስቸኮለህ? ቁጥር ቤት ካልሰጡት ይጠፋል» አሉ። ዓይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው መሬቱን እየነኩ ጀመሩ። «ሰባት፣ ሰባት ቤት ጉራጌ። ሁለት፣ በሬዎቼ። አራት፣ ልጆቼ። አንድ፣ የቤቴ ምሰሶ።»

ደገሙት። አራት ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ቆመ።

«ምነው አባባ?»

«አንዷ ሞታለች። ግን ትቆጠራለች።»

እስኪመሽ ድረስ እያጉተመተሙ ዋሉ። እኔ በእንቅልፍ ልቤ ቤታቸው ገብቼ ነበር። በሬዎቹ በአንድ ወገን ያመነዥካሉ፤ አራቱም ልጆች እሳት ዳር ተቀምጠዋል። አንተ ማነህ ያለኝ የለም፤ ጠጋ ብለው ቦታ ሰጡኝ።

በማግስቱ እሳቸው እንደወጡ መኮንኑ አስጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ ወረቀትና እስክሪብቶ አለ። «ክሴን በፈቃዴ ትቻለሁ» ይላል ወረቀቱ። መዝገቡ በመቅረቴ ቢዘጋ ደግሜ ላስከፍተው እችል ይሆናል፤ ከፈረምኩ ግን አበቃ።

«ፈርምና ምሳህን ቤትህ ብላ» አለኝ።

ሽማግሌው ይንገሩልኝ ይርሱት አላውቅም። ፈራሁ። ቤቴ ደግሞ ከዚያ በእግር ሩብ ሰዓት አይሞላም። የእስክሪብቶውን ክዳን ገጥሜ መለስኩለት።

«ዛሬ ቀጠሮ አለኝ። የምለው ካለ ለዳኛዋ እላለሁ» አልኩት።

ወደ ክፍሉ ገፍትረው መለሱኝ። ከሰዓት በኋላ ሽማግሌው መጡ።

«ነገርኳት፤ ጻፈች» አሉና ጋደም አሉ።

ቀሪውን የነገረኝ አብሯቸው የቀረበ እስረኛ ነው። ስማቸው ሲጠራ ስለ እኔ ነው የተናገሩት። ዳኛዋ መዝገቤን አስፈልጋ፣ ከታሰረበት ይቅረብ ብላ እስክታዝ ሰዓቱ አለቀ፤ የእሳቸው ጉዳይ ለሌላ ወር ተቀጠረ።

እኔ በሳምንቱ ቀርቤ ተፈታሁ። እግዱ ጸና፤ ጥቆማዬም ተጣርቶ ያ መድኃኒት ተቃጠለ። ስወጣ እጃቸውን ሳምኩ። «በል ሂድ፣ ባለቤትህ ትጠብቅሃለች» አሉኝ። ሮጥኩ።

ዛሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ሰዎች «አንተ እኮ ደፋር ነበርክ» ሲሉኝ አፍራለሁ። ያን ሁሉ ቀን ከጎናቸው ተኝቼ፣ እሳቸው በምን እንደታሰሩ አንዴ እንኳ አልጠየቅኳቸውም።