አውራ የሌለው ቀፎ

አጎቴን ፊት ለፊት «አንቱ» ነበር የምለው፤ እዚህ ግን «አንተ» ይበቃዋል። የአባቴ ተዝካር በወጣ ማግስት አህያ እየነዳ መጣና ስድስቱንም ቀፎ ልውሰድ አለ። «ቀፎ ያለ አውራ ይበተናል፤ ቤትም እንደዚያው ነው። ንብ ለሴት አይሆንም» አላት እናቴን።

 ከንቡ ሌላ ምን አላት? አባቴ በታመመበት ሁለት ዓመት ሙሉ እያጨሰች ማሩን የቆረጠችው እሷ፤ መንደሩ «ሴት ቀፎ ነካች» ብሎ ሲያማት ጆሮ ዳባ ልበስ ያለችው እሷ። እኔም መካነ ሰላም የምማረው በዚያው ማር ነበር። አጎቴ ግን የገዢው ፓርቲ የምርጫ ምልክት፣ የንብ ሥዕሉ፣ ገና ከግድግዳ ሳይወርድ፣ ከቀበሌ ስብሰባ «አውራ ፓርቲ፣ አውራ» ማለት ለምዶ መጥቷል።

በጓሯችን ደግሞ የንብ ጠባይ የሚያጠና የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከርሞ ነበር። የንቦቹን ጀርባ በተለያየ ቀለም እየነካ የትኛዋ ከየትኛው አበባ እንደምትመለስ ይጽፋል። እናቴ መጀመሪያ «አይ ሥራ መፍታት!» ብላ ሳቀችበት። ኋላ ግን እግራቸው ላይ የያዙትን የአበባ ዱቄት እያየች «ይቺ ከመጭ አበባ፣ ያቺ ከባቄላ» ስትለው፣ ደብተሩን ይዞ ይከተላት ጀመር።

ያን ዕለት ተማሪው ባለሳጥኑን ቀፎ ከፍቶ የማር እንጀራውን ብድግ እንዳደረገ ነው አጎቴ የደረሰው፤ እናቴና እኔ ከቀፎው አጠገብ ተቀምጠናል። ያን ለእናቴ ተናግሮ ሲያበቃ፣ ጋቢውን ተከናንቦ ከሩቅ ተማሪውን «አውራው የታል?» አለው።

«ይቻትና። እንቁላል እየጣለች ነው።»

«አውራ? እንቁላል?»

«ሴት ናት እኮ። ሠራተኞቹም ሁሉም ሴቶች ናቸው።»

«ወንዱሳ?»

«ድንጉላው? ይበላል። አበባ ሲጠፋ እየጎተቱ ያስወጡታል።»

ሳቄ አመለጠኝ። «አጎቴ፣ ሰምተዋል? አውራ አለን!» አልኩት።

«ዝም በይ፣ ባለጌ! ሰው ንብ ነው?»

እናቴ ተነሣች። ከአባቴ ሞት ወዲህ ቀና ብላ ስትናገር ያን ቀን ገና ማየቴ ነበር። «አያ፣ ምሳሌውን ያመጡት አንቱ ነዎት። የዚህ ቤት አውራ እኔ ነኝ። እኔን ትተው ቀፎውን ቢወስዱ፣ ወላሂ፣ አንዲት ንብ አትከተልዎትም። ወይ እኔንም ጨምረው ይጫኑኝ!»

 አጎቴ አህያዋን ባዶዋን እየነዳ ቁልቁለቱን ወረደ።

እናቴ እስኪሰወር አየችውና ወደ ተማሪው ዞረች። «ልጄ፣ ድንጉላውን የሚጎትቱት የትኞቹ ናቸው? እስቲ እነሱንም ቀለም ቀባልኝ» አለችው።