ራማቱ የአባቷን ስም በእንግሊዝኛ ያስጻፈችበት

ራማቱ ፔፉራ ፉምባን ከተማ ውስጥ፣ ነሐስ አቅላጮች በሚሠሩበት መንገድ ላይ ሱቅ ነበራት። አባቷ ያያ ፔፉራ ነሐስ አቅላጭ ነበሩ። እሳቸው ከሞቱ በኋላ የሌሎቹን ሥራ እየተረከበች ትሸጣለች። እኔ የምሠራበት ፖስታ ቤት ከሱቋ ፊት ለፊት ስለሆነ ሃያ ዓመት ሙሉ ሰላም ስንባባል ኖረናል።

ፈረንሳይኛዋን ታንበለብለዋለች፤ እንግሊዝኛ ግን ከሰላምታ አያልፍም ነበር። አንድ ቀን አንዲት ናይጄሪያዊት እመቤት ገብተው ስለ አንድ ትንሽ የነሐስ ሐውልት አጥብቀው ጠየቋት። ጎረቤቷ ባለሱቅ "እኔ ላስተርጉም" ብሎ ጥልቅ አለና፣ ባለፈው ወር የተሠራውን ዕቃ የሦስት መቶ ዓመት ቅርስ ነው ብሎ አስገዛቸው። እመቤቲቱ እውነቱን ከሌላ ሰው ሰምተው ኖሮ በማግስቱ ሐውልቱን መልሰው ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጡት። ከላይ እስከ ታች አዩዋትና ወጡ።

"በገዛ ሱቄ፣ በሰው አፍ ውሸታም ሆኜ አረፍኩት" አለችኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት በሚሰጠው የእንግሊዝኛ ትምህርት ተመዘገበች። እኔንም ጎትታ አስገባችኝ። በአራተኛው ዓመት፣ እሷ ሃምሳ አንድ ሲሞላት፣ የመጨረሻው ክፍል ደረስን፤ የሥነ ጥበብና የሥነ ጽሑፍ ቃላት የሚሰጥበት። መምህራችን ታምፉ እንግሊዝኛ የሚነገርበት የባሜንዳ ልጅ ነው፤ አፉን የፈታበት ቋንቋ ያህል ነው። "እናንተ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎችን የሚጥላችሁ የማታውቁት ቃል አይደለም፤ የምታውቁት የሚመስላችሁ ነው" ይለናል። ፈረንሳዮቹ "ኑቬል" የሚሉት አጭር ልቦለድ ነው፤ እንግሊዞቹ "ኖቭል" ሲሉ ግን ረጅሙን ነው።

"ታዲያ እኔ የሦስት ገጽ ታሪክ አንብቤ ኖቭል ጨረስኩ እያልኩ ስጎርር የከረምኩት?" አለች ራማቱ።

ሌላ ቅዳሜ ጠረጴዛ ላይ የተደረደረ ፍራፍሬ ሥዕል አሳየን። ፈረንሳይኛው እንዲህ ያለውን "የሞተ ተፈጥሮ" ይለዋል፤ እንግሊዝኛው "የረጋ ሕይወት"።

"መምህር፣ ያው አንድ ሙዝ እነዚያ ጋ ሞቶ እነዚህ ጋ በሕይወት አለ?"

"እንግዲህ ማማ ራማቱ፣ ሙዙን ይጠይቁልኝ።"

"እኔ ነጋዴ ነኝ፤ የእንግሊዞቹን እወስዳለሁ። የሞተ ማን ይገዛኛል?"

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ።

ዝናቡ ሊገባ ሲል ታምፉ ለንባብ ልምምድ አንድ ያረጀ መጽሐፍ ይዞ መጣ። እንግሊዝ አገር ያለ አንድ ሙዚየም ስለ አፍሪካ ነሐስ ሥራዎቹ ያሳተመው ነው። ተራ በተራ ገጽ እየገለጥን ስናነብ ራማቱ ድንገት መጽሐፉን ወደራሷ ሳበችው። ገጹ ላይ እንስራ የተሸከመች ነፍሰ ጡር ሴት ሐውልት አለ። እንስራውን የደገፈው ግራ እጇ አራት ጣት ብቻ ነው።

"ይቺ የአባቴ ናት" አለች።

ከሥሩ ያለውን ቀስ ብላ አነበበችው። ሠሪው ያልታወቀ ይላል። ቀጥሎም አራቱ ጣቶች የዓለምን አራት ማዕዘናት የሚወክሉ ጥልቅ ምሳሌ ናቸው ይላል። እዚህ ስትደርስ መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

"ነሐሱ ጎድሎባቸው ነው! አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ወናፉን የማናፋው እኔ ነኝ። የጭቃውን ቅርጽ ሰብረው ሲያወጧት አንድ ጣት የለም። እናቴ ይጣሏት ስትል፣ 'ሴትዮዋ ምን አጠፋች? ጎዶሎው የእኔ ነው' አሉ። በኋላ አንድ ፈረንጅ ወስዷት ሄደ።"

ለሙዚየሙ ደብዳቤ ለመጻፍ አምስት ቅዳሜ ፈጀባት። ታምፉ ላርመው ቢላት እሺ አላለችም። "ስህተቱም የእኔ ይሁን" ብላ፣ አባቷ የነሐሷን ሴትዮ ታቅፈው የተነሡትን ፎቶግራፍ አስባዝታ ጨመረችበት። ቴምብሩን የለጠፍኩት እኔ ነኝ።

ከሁለት ወር በኋላ መልስ መጣ። በጣም አመስግነዋል። መግለጫውንም አርመው ልከዋል፤ የአባቷ ስም አለበት። እኔ እንኳን ደስ አለሽ ልል ስነሣ ራማቱ ደብተሯን ታገላብጣለች።

"'አትሪቢዩትድ ቱ' ነው ያሉት" አለች። "የእሳቸው ሳይሆን አይቀርም ማለት ነው። እኔ ሳይሆን አይቀርም አላልኩም።"

"ኧረ ተይ ራማቱ፣ ስማቸው ተጽፏል አይደል?"

"አንተ የአባትህ ልጅ ሳትሆን አትቀርም ቢሉህ ዝም ትላለህ?"

ሌላ ቴምብር አወጣሁላት።

ሁለተኛው ደብዳቤ አጭር ነበር። ወናፉን ማን እንደያዘ፣ ቅርጹ መጀመሪያ የተሠራበት ሰም ከየት እንደመጣ፣ የትኛው ጣት እንደቀረና ለምን እንደቀረ ዘርዝራ፣ "ትክክለኛው ቃል 'ባይ' ነው፤ በእሳቸው የተሠራ" ብላ ዘጋችው። በዚህኛው መልስ የተላከው የአዲሱ መግለጫ ፎቶ ነው፦ በያያ ፔፉራ የተሠራ፣ ፉምባን። የአራቱ ማዕዘናት ወሬ ጠፍቷል፤ ነሐሱ ማነሱ ተጽፏል።

ፎቶውን ይዛ አባቷ ወደሠሩበት ግቢ ሄደች፤ ተከተልኳት። ለሽማግሌዎቹ አቅላጮች በባሙም ቋንቋ ተረጎመችላቸው። አንደኛው፣ የአባቷ የሥራ ባልደረባ የነበሩት፣ ፊታቸውን አጨማደዱ።

"አንቺ ልጅ፣ አባትሽ ነሐስ አጠረባቸው ብለሽ ለእንግሊዝ አገር ነገርሽብን?"

"ነገርኩ፣ አባባ።"

"ማዕዘናቱ ይሻል ነበር እኮ።"

"ማዕዘናቱን ማን ያውቃቸዋል? ነሐስ ማነሱን ግን እናንተም ታውቁታላችሁ።"

ሽማግሌው ፎቶውን ተቀበሏትና ወደ ብርሃኑ ዞረው አዩት። ማንበብ አይችሉም። ስሙ የትኛው ጋ እንደሆነ ጠየቋት፤ በጣቷ አሳየቻቸው፤ እሳቸውም አውራ ጣታቸውን እዚያ ላይ አድርገው ብዙ ቆዩ።