መርፌው ከወረደ በኋላ

ክረምቱ እንደወጣ የልጆቼን መጻሕፍት በረንዳ ላይ ፀሐይ አሰጣኋቸው። ሁለት ወር ሙሉ የጠጣውን እርጥበት እየተፋ የሚሞቅ ካርቶን የራሱ ሽታ አለው፤ ሻጋታ ሻጋታ ይላል፣ ትንሽም ሙጫ ሙጫ ይላል። ያ ሽታ ይዞኝ ደሴ ገባ፤ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ጋሽ ይማም ደጃፍ።

ጋሽ ይማም በደርግ ጊዜ ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤታችን ነበሩ። ልብስ ሰፊ ናቸው። ሚስታቸው ያረፉት ልጃቸው ፋጡማ ገና ድክ ድክ ስትል ነው። እሁድ ከሰዓት የስፌት መኪናውን ጠረጴዛ ያራግፉና የሸክላ ማጫወቻቸውን ያወጡበታል። ያን ጊዜ እኔና ፋጡማ ጫማችንን አውልቀን በጣታችን ነው የምንገባው፤ የጣውላው ወለል ከተንቀጠቀጠ መርፌው ይዘላላ! መርፌው ከወረደ በኋላ ማውራት የለም፣ መሳቅ የለም። የጓሮው ዶሮ እንኳ ከጮኸ ግልምጫቸውን ያገኝ ነበር።

ደሴ ደግሞ የጦሳ ተራራ ጉም ሳያንኳኳ ቤት የሚገባባት ከተማ ናት፤ የሸክላዎቹ የካርቶን ልባስ ቶሎ ይርሳል። ፀሐይ ብቅ ስትል ጋሽ ይማም ሸክላዎቻቸውን ደጃፍ ደርድረው አብረዋቸው ይሞቃሉ። የደሴ ፀሐይ ዓይነ አፋር ናት፤ ማንንም ጎድታ አታውቅም።

ከዚያ ካሴት መጣ። ጎረምሳው ሁሉ ቴፕ በትከሻው አንጠልጥሎ መዞር ያዘ። መብራት በሌለበት በደሴ ዙሪያ ሰርግ ሁሉ በባትሪ ድንጋይ ይዘፈን ጀመር። ሸክላ የሚሸጡት ቤቶችም አንድ ባንድ ካሴት መቅዳት ገቡ። ጋሽ ይማም ግን ወይ ፍንክች! ካሴት ማለት ለሁለተኛ ጊዜ የተፈላ ሻይ ቅጠል ነው፣ መልክ እንጂ ጣዕም የለውም ይሉ ነበር። ልክ ነበሩ እኮ። በሸክላ የማሲንቆው ደጋን ጭራውን ሲነካው ይሰማል፤ በካሴት ዘፋኟም ማሲንቆዋም ከረጢት ውስጥ የገቡ ይመስላሉ።

ፋጡማ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ለሚሠራ ልጅ ታጨች። ሰርጉ ሲቃረብ ጋሽ ይማም ጠሯት። እናቷ ከሸክላው ሁሉ የሚወዱት አንድ ነበር።

«ሌላ የምሰጥሽ የለኝም» አሏት። «ቅልቅሉ ዕለት የእናትሽን ዘፈን በባልሽ ዘመዶች ፊት አሰማሻለሁ። በካሴት አይደለም፤ በእጄ።»

የቅልቅሉ ዕለት በጠዋት በሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ወደ ኮምቦልቻ ወረድን። ማጫወቻው በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ እሳቸው ጉልበት ላይ ነበር። እንደደረሱ ሸክላውን ከልባሱ አወጡት፤ ሌሊቱን ጉም ነክቶታል። እንደ ልማዳቸው የግቢው ግንብ ላይ ፀሐይ አስጥተውት ምሳ ገቡ።

የምትፋጀው የኮምቦልቻ ፀሐይ የደሴ ፀሐይ መስላቸው! ሲመለሱ የሸክላው ጠርዝ እንደ ጎመን ቅጠል ተቆልምሟል። እንደምንም ብለው አስቀመጡት። መርፌው ዳገት ወጣ፣ ቁልቁል ተንሸራተተ፤ ዘፋኟ እንደ በግ ጮኸች። አማቾቹ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፈኑ። ጋሽ ይማም መርፌውን አነሱና እጃቸውን የሚያደርጉበት አጡ።

ፋጡማ ተነስታ ከሻንጣዋ ካሴት አመጣች። የባሏ ቴፕ ውስጥ እየከተተች «አብሽሩ አባ» አለች፤ «ከእርስዎው ሸክላ የተቀዳ ነው።» አንድ እሁድ ቴፕ ተውሳ መስኮቱ ሥር አስቀምጣ ቀድታ ኖሯል፤ ኮምቦልቻ ስትሆን የአባቷን ቤት እንድትሰማበት።

መጀመሪያ ሽሽሽ የሚል ድምፅ። ቀጥሎ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ። ከዚያ ቁጣ ያለበት የጋሽ ይማም ድምፅ፦ «ዝም በሉ! መርፌው ወርዷል!»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ወዲያው ዘፈኑ ገባ፤ የራቀ፣ የታፈነ። ከዘፋኟ ሥር ግን አንድ ሰው ወፈር ባለ ድምፅ፣ በፍቅር፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያንጎራጉራል። ሳቁ ቀስ በቀስ በረደ። ጋሽ ይማም ጆሯቸውን ወደ ቴፑ አስጠጉ።

«እኔ ነኝ?»

«እርስዎ ነዎት። ሁልጊዜም ያንጎራጉራሉ።»

«ታዲያ እስከዛሬ ለምን አትነግሩኝም?»

«ማውራት ክልክል ነው ብለውን!»

እንደዚያ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም፤ እየሳቁ ዓይናቸውን በመሐረብ ይጠርጉ ነበር። ካሴቱን አጠንጥና ደግማ እንድታሰማቸው ለመኗት። ደሴ ከመመለሳችን በፊትም፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ለእሳቸውም አንድ እንድትቀዳላቸው ጠየቋት።

አሁን ጋሽ ይማም የሉም። የተቆለመመው ሸክላ ፋጡማ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። መጻሕፍቱን ባሰጣሁ ቀን ያንን ዘፈን ልጄ ከስልኩ ፈልጎ ከፈተልኝ። ጥርት ያለ ነው፤ የማሲንቆው ጭራ ሳይቀር ይሰማል። እኔ ግን አንድ ነገር ጎደለብኝ፤ ዝናቡ የለ፣ ዝም በሉ የሚለኝ የለ። መሃሉ ላይ ሲደርስ ልጄ ቀና ብሎ አየኝና ሳቀ። ለካስ እያንጎራጎርኩ ነበር።