ከግጥሙ ውጣ የተባለው አባቴ

አባቴ ጎባ ላይ ሱቅ የነበረው የየመን ዓረብ፣ እናቴ የጊኒር ኦሮሞ ነበሩ። በደርግ ጊዜ ለቀበሌያችን የኪነት ቡድን ስለ ሁለቱም ግጥም ጻፍኩ። የእናቴን አያቶች እስከ ሰባት ቤት ጠራሁ፤ በአባቴ በኩል ግን ከራሱ ስም ሌላ አላውቅም ነበር።

የቡድኑ ኃላፊ ልምምዱን አስቆመ። «አንቺ ክልስ፣ አያት የሌለው አባት መድረክ ላይ አይወጣም። አውጪው።»

«እሱን ካወጣሁ ማን ወለደኝ ልበል?»

«አብዮቱ!» አለ፤ ጓደኞቹ ሳቁብኝ።

እምቢ ስለው የአባቴን ስንኞች ቆርጦ የቀረውን ለሌላ ልጅ ሰጠ። እሷም ሮቤ በተደረገው በዓል ላይ የእኔን አያቶች የራሷ አድርጋ ቆጠረች። ከጊኒር የመጡ አንድ ሽማግሌ ከወንበራቸው ተነሱ።

«ቆዪ ልጄ፣ የጠራሻቸው የእኔ አባቶች ናቸው። አንቺ የማን ነሽ?»

ልጅቱ አለቀሰች። ኃላፊው ላብ እያጠመቀው ከተመልካቹ መሃል ወደተቀመጥኩበት መጣ። «እባክሽ እህቴ፣ ውጪና አንብቢ።»

«ከነአባቴ ከሆነ» አልኩት።

ራሱን በእምቢታ ነቀነቀ። እኔም ጥዬው ወጣሁ።

ዛሬ ሰዎች ይቅር በይው ይሉኛል። አልልም። በመጽሐፎቼ ሁሉ የመጀመሪያው ግጥም ስለ አባቴ ነው፤ ያ ኃላፊ ግን እስከ ዛሬ ሁለት ስንኝ አልገጠመም።